የፊልም ማጀቢያ አልበሞች፦ የወደዳችሁት ዘፈን በእርግጥ ውስጡ አለ?

በፊልም የሰሙትን ዘፈን ፍለጋ አልበም ከሚገዙ ሰዎች ብዙዎቹን ግር የሚያሰኘው የ«ታይታኒክ» አልበም ነው። ጥፋቱ የሙዚቃው አይደለም። በ1997 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የወጣው አልበም 15 ክፍሎች አሉት። ሴሊን ዲዮን የምትዘፍነው አንዱን ብቻ፣ «ማይ ሃርት ዊል ጎ ኦን»ን ሲሆን እሱም 14ኛው ላይ ነው። የቀረው ሁሉ የጄምስ ሆርነር ድርሰት ነው፦ ኦርኬስትራ፣ ሲንተሳይዘር፣ የአየርላንድ ዋሽንት፣ እንዲሁም ኖርዌያዊቷ ሲሰል ያለ ቃል የምታንጎራጉራቸው ዜማዎች። ዘፈኑን ብቻ የሚፈልግ ሰው አልበሙን ከመጀመሪያው ካስጀመረ ከአንድ ሰዓት በላይ ይጠብቃል።

በሌላ በኩል ዘፈኑ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። «ሮዝ» የሚለውን 4ኛውን ክፍል ክፈቱ። ኋላ ሴሊን የምትዘፍነው ዜማ በሲሰል ድምፅ፣ ያለ ግጥምና ያለ ድራም እዚያ አለ። ግጥሙን የጻፈው ዊል ጄኒንግስ ነው። አልበሙ ላይ የምንሰማው የሴሊን ድምፅ ለማሳያ ተብሎ የተቀዳው ሲሆን፣ ኦርኬስትራው በኋላ ተጨምሮበታል። ዘፈኑን የሚያስነሳው ደግሞ የመጨረሻው አዝማች ላይ ያለው ዝላይ ነው፤ ከኢ ሜጀር ወደ ኤ ፍላት ሜጀር፣ ማለትም 4 ሴሚቶን (ሴሚቶን በሁለት ጎረቤት ኖታዎች መካከል ያለው ትንሹ ርቀት ነው) ወደ ላይ። አብዛኛው የፖፕ ዘፈን በአንድ ወይም በሁለት ሴሚቶን ነው ከፍ የሚለው። አብሮ መዝፈን የሚሞክር ሁሉ እዚህ ቦታ ላይ ድምፁ የሚሰነጠቀው በዚህ ምክንያት ነው። በሦስተኛ ማዕረግ ተሳፋሪዎች ጭፈራ ላይ የሚሰማውን የአየርላንድ ሙዚቃ የወደደ ግን በዚህ አልበም አያገኘውም። ያ ሙዚቃ የወጣው በ1998 «ባክ ቱ ታይታኒክ» በተባለው ሁለተኛው አልበም ላይ ነው።

ማጀቢያ አልበሞችን እዚህ የምንመዝነው በዚህ መልክ ነው፦ ፊልሙን ያየ ሰው የወደደውን ቅጂ፣ በወደደው ርዝመት፣ በወደደው ድምፅ ያገኛል ወይስ አያገኝም? የዘፈኑ ማማር ሌላ ጉዳይ ነው፤ በእሱ ላይ ብዙ አንጨቃጨቅም።

ሽፋኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ግማሹን መልስ ይሰጣል። «ኦሪጅናል ስኮር» የሚል ከሆነ በአብዛኛው ግጥም የሌለው፣ ለትዕይንቶቹ ተብሎ የተደረሰ ሙዚቃ ነው። «ከፊልሙ የተወሰዱ ሙዚቃዎች» የሚል ከሆነ ቢያንስ ቁርጥራጩ ፊልሙ ውስጥ የተሰማ ዘፈን ይጠበቃል። «ፊልሙ ያነሳሳቸው» የሚል ቃል ከተጨመረበት ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ2018 ኬንድሪክ ላማር የመራው የ«ብላክ ፓንተር» አልበም 14 ዘፈኖች ሲኖሩት ፊልሙ ውስጥ የሚሰሙት ጥቂቶቹ ናቸው፤ «ኦል ዘ ስታርስ» መጨረሻ ላይ፣ «ፕሬይ ፎር ሚ» እና «ኦፕስ» መሃል ላይ። እንደ ራፕ አልበም ሲሰማ ጠንካራ ነው፤ ሳይቆራረጥ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። ፊልሙ ውስጥ የሚሰማውን የምዕራብ አፍሪካ ከበሮና የፉላ ዋሽንት የፈለገ ሰው ግን ሌላውን፣ የሉድቪግ ዮራንሶንን ስኮር መፈለግ አለበት። ሁለቱ አልበሞች በአንድ ፊልም ስም ስለወጡ መምታታቱ አይገርምም።

አንድ ዘፈን ፊልሙ ውስጥ ኖሮ አልበሙ ላይ የማይኖረው ብዙውን ጊዜ በፈቃድ ጉዳይ ነው። ፊልም ሠሪው ለአንድ ዘፈን ሁለት ፈቃድ ያስፈልገዋል፦ አንዱ ከዜማና ግጥም ባለቤቱ፣ ሌላው የተቀዳው ድምፅ ባለቤት ከሆነው ኩባንያ። እነዚህ ሁለቱ ግን ዘፈኑን ከምስሉ ጋር ለማሳየት ብቻ ናቸው። አልበም ላይ ለማውጣት ሌላ ስምምነት ይጠይቃል፤ የድምፃዊው ኩባንያ ደግሞ ዘፈኑ በተፎካካሪ ኩባንያ አልበም ላይ እንዲወጣ ላይፈልግ ይችላል።

ለዚህ ዓይነት መጉደል ከሁሉ የሚያስቆጨው ምሳሌ «ብሬክፋስት አት ቲፋኒስ» ነው። ሄንሪ ማንሲኒ በ1961 «ሙን ሪቨር»ን ሲደርስ ኦድሪ ሄፕበርን ሠልጥና ያልወጣች ድምፃዊት መሆኗን ያውቅ ነበር። ስለዚህ ዜማውን ከአንድ ኦክታቭ ብዙም በማያልፍ ስፋት ውስጥ አስቀመጠላት። መስኮቱ ላይ ተቀምጣ በጊታር የምትዘፍነው ያ ቀጭን፣ ትንሽ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ነው የትዕይንቱ ነፍስ። በወቅቱ የወጣው አልበም ግን የእሷን ቅጂ አልያዘም፤ ማንሲኒ ከኦርኬስትራና ከኅብረ ድምፅ ጋር እንደገና የቀዳው ነው ያለው። ያማረ ሥራ ነው፣ ግን የሆቴል መቀበያ አዳራሽ ሙዚቃ ይመስላል። የሄፕበርን ቅጂ በዲስክ የወጣው እሷ ካረፈች በኋላ በ1993 ነው። ዛሬ በሙዚቃ መተግበሪያ ስትፈልጉ የዘፋኙን ስም «ኦድሪ ሄፕበርን» ብላችሁ ካልጻፋችሁ በቀር መጀመሪያ የሚመጣላችሁ ሌላ ሰው የዘፈነው ነው።

«ዘ ግራጁዌት»ም ከዚህ ብዙ አይርቅም። «ሚስስ ሮቢንሰን» ሲባል ሁሉም የሚያስበው የሳይመንና ጋርፈንከልን ሙሉ ዘፈን ነው። ፊልሙ በ1967 መጨረሻ ሲወጣ ግን ዘፈኑ ገና አላለቀም ነበር፤ የማጀቢያ አልበሙም ሁለት አጫጭር ቁርጥራጮች ብቻ ነው የያዘው፤ እያንዳንዳቸው ከአንድ ደቂቃ ብዙም አያልፉም። ሙሉው ዘፈን ያለው በ1968 በወጣው «ቡክኤንድስ» በተባለው የራሳቸው አልበም ላይ ነው። የማጀቢያው አልበም የቀረው ክፍል በሁለቱ ድምፃውያን ሌሎች ዘፈኖችና በዴቭ ግሩሲን የግብዣ ሙዚቃ ተሞልቷል፤ ለሰብሳቢ ካልሆነ በቀር አይመከርም።

ወደ ጥሩዎቹ እንሂድ።

«ዘ ቦዲጋርድ» በዓለም ላይ ከሁሉም የማጀቢያ አልበሞች በላይ የተሸጠ ነው፤ በ1994 የግራሚን የዓመቱ ምርጥ አልበም ሽልማትም ወስዷል። ሽያጩ ግን ሁለተኛውን ግማሽ አያድነውም። የመጀመሪያዎቹ 6 ዘፈኖች የዊትኒ ሂውስተን ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ዊትኒ የለችም፣ አልበሙም አብሯት ይሄዳል። ከ7ኛው ጀምሮ ያሉት የኬኒ ጂ ሳክስፎን፣ የሊሳ ስታንስፊልድና የሌሎች ዘፈኖች፣ እንዲሁም የአለን ሲልቬስትሪ የፊልሙ መሪ ዜማ አንዳቸውም መጥፎ አይደሉም። ሆኖም ከዊትኒ ድምፅ ቀጥሎ የሚመጣ ማንኛውም ነገር ይቀዘቅዛል። በሲዲ የምትሰሙ ከሆነ 6ኛው ላይ ማቆም ያለባችሁ ይመስለናል።

«አይ ዊል ኦልዌይስ ላቭ ዩ» የተጻፈው ለፊልሙ አይደለም። ዶሊ ፓርተን ጽፋው በ1974 በራሷ ድምፅ ያወጣችው የካንትሪ ዘፈን ነው፤ የእሷ ቅጂ ዝግ ያለና አንዱ ክፍል በንግግር የሚነገር ነው። ለፊልሙ በመጀመሪያ የታሰበው ሌላ የድሮ ሶል ዘፈን ነበር፤ ያ ዘፈን በ1991 በወጣ ሌላ ፊልም ላይ በመዋሉ ኬቨን ኮስትነር የፓርተንን ዘፈን አመጣ። ያለ አንዳች መሣሪያ እንዲጀምርም የወተወተው እሱ ነው። ቀረጻውን የመራው ዴቪድ ፎስተር ሲሆን የሳክስፎኑ ሶሎ የከርክ ዌለም ነው።

ዘፈኑን በጥሞና ስትሰሙ ሦስት ቦታ ላይ ጆሮ ስጡ። መጀመሪያው ያለ መሣሪያ የሚሄዱት የመግቢያው ሰከንዶች ናቸው። በስልክ ድምፅ ማጉያ የሚሰማ ሰው እዚህ ጋ ድምፁን ይጨምርና ኋላ ባንዱ ሲገባ ይደነግጣል። በዝግታና በጩኸት መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ስለሆነ ድምፁን መለካት ያለባችሁ በመጨረሻው አዝማች ነው እንጂ በመግቢያው አይደለም። ሁለተኛው የሳክስፎኑ ሶሎ ካለቀ በኋላ ያለው ዝምታ ነው። ሦስተኛው ያንን ዝምታ የሚሰብረው አንድ የድራም ምት ነው፤ ከዚያ ዘፈኑ ከኤ ሜጀር ወደ ቢ ሜጀር ይወጣል። ዘፈኑን ለሠርግና ለግብዣ የሚያጫውቱ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ ዝምታው ላይ «አለቀ» ብለው ቀጣዩን ዘፈን ያስገባሉ። የዘፈኑ ርዝመት 4 ደቂቃ ከ31 ሰከንድ ነው፤ ዝምታው የሚመጣው 3 ደቂቃ ካለፈ በኋላ ነው።

ዘፈኑ ኦስካር ያላገኘው ለዚህ ፊልም ተብሎ ስላልተጻፈ ነው፤ ደንቡ አይፈቅድም። ከዚሁ አልበም ለዕጩነት የቀረቡት «ራን ቱ ዩ» እና «አይ ሃቭ ናቲንግ» ናቸው። አንድ ጉድለትም አለ። ዊትኒና ኮስትነር መጠጥ ቤት ውስጥ ሲደንሱ ከሙዚቃ ሳጥኑ የሚሰማው የጆን ዶ ቅጂ አልበሙ ላይ የለም። ያችን ትዕይንት የሚወድ ሰው ለብቻው መፈለግ ይኖርበታል።

«ሳተርዴይ ናይት ፊቨር» ሁለት ሸክላ፣ 17 ሙዚቃ ነው፤ በ1977 ወጥቶ አሜሪካ ውስጥ 24 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆይቷል። ቢ ጂስ የተባለው ባንድ ራሱ የሚዘፍነው 6 ነው። ከ6ቱ አንዱ፣ «ጃይቭ ቶኪን»፣ የነበረበት ትዕይንት ስለተቆረጠ ፊልሙ ውስጥ አይሰማም፤ ስለዚህ ይህ አልበም ከፊልሙ የበለጠ ከሚሰጡት ጥቂቶች አንዱ ነው። የ«ስቴይን አላይቭ» ድራም የማይዛነፍበት ምክንያት ሰው እየመታው ስላልሆነ ነው። ቀረጻው ፈረንሳይ ውስጥ ሲካሄድ ድራም መቺው በቤተሰብ ጉዳይ ሄዶ ነበር፤ እነሱም ከ«ናይት ፊቨር» ሁለት ባር ያህል ድራም ቀድተው ቴፑን ጫፍና ጫፉን አገናኝተው እያዞሩ አጫወቱት። ሽፋኑ ላይ የድራም መቺውን ስም «በርናርድ ሉፕ» ብለው ጻፉት፤ እንደዚህ የሚባል ሰው የለም፣ እየዞረ በሚጫወተው ቴፕ (በእንግሊዝኛ «ሉፕ») ላይ የተሠራ ቀልድ ነው። ፍጥነቱ በደቂቃ 103 ምት ገደማ በመሆኑ፣ ልቡ ለቆመ ሰው ደረት ሲጫን በደቂቃ ከ100 እስከ 120 መሆን ያለበትን ምት ለማስተማር እስከ ዛሬ ያገለግላል።

የአልበሙ ድክመት የመሣሪያ ሙዚቃዎቹ ናቸው። የዴቪድ ሻየር ክፍሎች ለትዕይንት መሙያ የተሠሩ ናቸው፤ ያለ ምስል ብቻቸውን አይቆሙም። የመጨረሻው «ዲስኮ ኢንፈርኖ» ግን ከ10 ደቂቃ በላይ የሚሄድ ነው፤ ለጭፈራ የሚፈልግ ሰው አጭሩን የነጠላ ቅጂ ሳይሆን ይህን ይያዝ።

«ሻፍት» ላይ የሚያጋጥመው ነገር ለየት ያለ ነው። አይዛክ ሄይስ ለፊልሙ የቀዳው ሙዚቃ አንድ ነው፣ አልበሙ ላይ ያለው ሌላ። የፊልሙን ሆሊውድ ውስጥ ቀድቶ፣ ለአልበሙ ሜምፊስ ተመልሶ እንደገና ሠርቶታል። ስለዚህ ፊልሙን እያየ አልበሙን የሚያነጻጽር ሰው የነፋስ መሣሪያዎቹና የጊታሩ አገባብ ልዩነት ቢሰማው ጆሮው አልተሳሳተም። መግቢያው ላይ ሃይ-ሃቱ (የድራሙ ጥንድ ጸናጽል) ሳያቋርጥ በአንድ ምት አራት አራት ጊዜ ይመታል፣ ዋ-ዋ ጊታሩ ይቀላቀላል፣ ድምፃዊው የሚገባው ከ2 ደቂቃ ተኩል በኋላ ነው። ዘፈኑ በ1972 ኦስካር ሲያገኝ ሄይስ በዚህ ዘርፍ ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ሆኗል። ከአልበሙ መዝጊያ ዜማ በፊት ያለው «ዱ ዩር ቲንግ» 19 ደቂቃ ገደማ ነው። ሲጀምር ያማረ ነው፤ መሃል ላይ ጊታሩ መውጫ አጥቶ ይዞራል።

ከሁሉም አልበሞች ያለ አንዳች ማመንታት የምንመክረው «ዘ ሃርደር ዘይ ከም» ነው፤ በ1972 የወጣ የጃማይካ ፊልም ማጀቢያ፣ 12 ክፍል፣ ወደ 40 ደቂቃ። የርዕሱን ዘፈን ጂሚ ክሊፍ ለፊልሙ ጻፈው፤ አብዛኞቹ የቀሩት ከ1967 ጀምሮ ጃማይካ ውስጥ የተወደዱ ነባር ዘፈኖች ናቸው። «ሜኒ ሪቨርስ ቱ ክሮስ» ኦርጋኑ ሲጀምር የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ነው የሚመስለው፤ የቱትስና የሜይታልስ «ፕሬዠር ድሮፕ»፣ የዴዝመንድ ዴከር «007»፣ የሜሎዲያንስ «ሪቨርስ ኦቭ ባቢሎን» አንዱ ሌላውን እየጠራ ይሄዳል። አንድ የማይወደድ ነገር ያለው፣ «ዩ ካን ጌት ኢት ኢፍ ዩ ሪሊ ዎንት» እና የርዕሱ ዘፈን እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ጊዜ መግባታቸው ነው። 12 ክፍል ሲባል በትክክል 10 ዘፈን ነው ማለት ነው። በ2003 የወጣው ሁለት ዲስክ ያለው እትም ሁለተኛው ዲስክ ላይ የዚያው ዘመን የሬጌ ዘፈኖችን ይጨምራል፤ ደስ የሚል ስብስብ ነው፣ ግን ከፊልሙ አይደሉም። ለፊልሙ ሲባል አንዱ ዲስክ ይበቃል።

«ብሮክን ፍላወርስ» ለአማርኛ አንባቢ የተለየ ነው። በ2005 ጂም ጃርሙሽ የሙላቱ አስታጥቄን «የከርሞ ሰው»፣ «የግሌ ትዝታ» እና «ጉብልዬ» የፊልሙ ዋና ሙዚቃ አድርጎ ተጠቀመባቸው። ትውልደ ኢትዮጵያዊው ጎረቤት ለጉዞ ብሎ ቀድቶ የሚሰጠውን ሲዲ ቢል መሪ መኪናው ውስጥ እየደጋገመ ያጫውታል። ፊልሙ በንግግር ቁጥብ ስለሆነ፣ ሰውየው ፊቱ ላይ የማያሳየውን ሁሉ ሙዚቃው ነው የሚናገርለት። ሙዚቃዎቹ ለፊልሙ የተደረሱ አይመስሉም ካላችሁ፣ አይደሉምም። ከ30 ዓመት በላይ ቀድመው የተሠሩ ናቸው።

አልበሙ ግን ተዘበራርቋል። ከ12ቱ ክፍሎች ሦስቱ ብቻ የሙላቱ ሲሆኑ፣ ቀሪዎቹ ማርቪን ጌይ፣ የካምቦዲያን ሮክ የሚጫወተው ዴንጊ ፊቨር፣ የፎሬ ሬኩዊየም (የሙታን ጸሎት ዜማ) ቁራጭ፣ እንዲሁም በጣም ከባድ የሆነው የስሊፕ ሜታል ናቸው። አንዱን ከሌላው አጠገብ ስትሰሙ የፊልሙ ትካዜ ይበተናል። የሙላቱን ብቻ የፈለገ ሰው በ1998 የወጣውን «ኢትዮፒክስ» 4ኛ ቅጽ መያዝ ይሻለዋል፤ ሦስቱም እዚያ ሙሉ ሆነው፣ ከ1969 እስከ 1974 ከተሠሩ ሌሎች የመሣሪያ ሙዚቃዎች ጋር አሉ። በሙዚቃ መተግበሪያ ስትፈልጉ ርዕሶቹ በላቲን ፊደል በተለያየ አጻጻፍ ስለሚገኙ በርዕሱ ካጣችኋቸው በሙላቱ ስም ግቡ። የኋላ ዘመን ድጋሚ ቅጂዎችም ስላሉ ከመምረጣችሁ በፊት የአልበሙን ዓመት እዩ።

የፕሪንስ «ፐርፕል ሬይን» በ1984 ወጣ፤ 9 ዘፈን ነው፣ አንድም የሚዘለል የለውም። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ፣ «አይ ውድ ዳይ ፎር ዩ»፣ «ቤቢ አይም ኤ ስታር» እና የርዕሱ ዘፈን፣ መሠረታቸው ሚኒያፖሊስ ውስጥ ፈርስት አቬኑ በተባለው ክበብ ነሐሴ 1983 በመድረክ ላይ የተቀዳ ነው፤ ስቱዲዮ ውስጥ ተጨምሮባቸዋል፣ ተቆርጦላቸዋልም። «ዌን ዶቭስ ክራይ» ደግሞ ቤዝ ጊታር የለውም፤ ፕሪንስ ራሱ አውጥቶት ነው። ትንሽ ድምፅ ማጉያ ላይ ልዩነቱ አይታወቅም። ጥሩ ማጉያ ላይ ግን ከሥር የድራም ማሽኑ ብቻውን ሲመታ ይሰማል፤ ቤዙ የጠፋ መስሏችሁ ማስተካከያውን አትጨምሩ፣ የምታተርፉት የሚያጉረመርም ድራም ብቻ ነው።

ከፊልሙ የቀረ ነገር አለ ወይ? አለ። ዘ ታይም የተባለው ባንድ መድረክ የሚያፈርስባቸው «ጃንግል ላቭ» እና «ዘ በርድ» በባንዱ በራሱ «አይስ ክሪም ካስል» አልበም ላይ ነው ያሉት፤ የአፖሎኒያ 6 «ሴክስ ሹተር»ም እንዲሁ በራሳቸው አልበም ላይ። የርዕሱን ዘፈን ስትመርጡ ርዝመቱን አረጋግጡ፦ የአልበሙ 8 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ነው። ለሬዲዮ የተቆረጠው ግማሹ ገደማ ሲሆን የጊታሩን ሶሎና መጨረሻ ላይ ፒያኖውና ቫዮሊኖቹ ቀስ ብለው የሚቀሩበትን ክፍል ያጣል። ያለ እነሱ ዘፈኑ ጎዶሎ ነው።

በሸክላ ለሚሰሙ ይኸው ዘፈን ችግር አለበት። ሸክላ መርፌው ወደ መሃል በቀረበ ቁጥር በአንድ ዙር የሚሸፍነው ርቀት ያጥራል፤ ከፍተኛ ድምፅና ቀጭን ድምፆች እዚያ ይሻክራሉ። «ፐርፕል ሬይን» የሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ነው፣ ትልቁ ጩኸቱም የሚመጣው እዚያው መሃል አካባቢ ነው። ያረጀ ወይም በትክክል ያልተገጠመ መርፌ ከሆነ ጊታሩ ይሰነጠቃል። ያገለገለ ሸክላ ስትገዙ ይህን የመጨረሻ ዘፈን አስጀምራችሁ ስሙ፤ እሱ ንጹሕ ከሆነ ሌላውም በአብዛኛው ደህና ነው። በአጠቃላይም በአንድ ገጽ ከ22 ደቂቃ በላይ የተጫነበት ማጀቢያ ድምፁ ዝቅ ብሎ ይቀረጻል፤ ረጅም ስኮር በአንድ ሸክላ ከወጣ ሲዲው ይመረጣል።

ንግግር የተቀላቀለባቸው አልበሞች ሌላ ራስ ምታት ናቸው። «ፐልፕ ፊክሽን» ላይ የዲክ ዴል የ1962 «ሚሰርሉ» የሚመጣው የምግብ ቤቱ ዝርፊያ ንግግር ላይ ተጣብቆ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማ ደስ ይላል፤ ዘፈኖችን ቀላቅላችሁ ስታጫውቱ ግን መሃል ላይ ድንገት የሚሳደብ ሰው ይመጣባችኋል። የ2018ቱ «ኤ ስታር ኢዝ ቦርን» 34 ክፍሎች ሲኖሩት 15ቱ ንግግር ናቸው። ለዚህ አልበም መፍትሔው ቀላል ነው፤ ንግግር የሌለበት እትም ተለይቶ ወጥቷል፣ እሱን ምረጡ። የዚሁ አልበም ዘፈን የሆነው የ«ሻሎው» ድምፅ ፊልሙ ሲቀረጽ በቀጥታ የተዘፈነ ስለሆነ የትንፋሹ ድምፅና የሕዝቡ ጩኸት ውስጡ አለ፤ ያንን ጉድለት ብሎ የሚያይ ሰው ይህን አልበም ይተወው።

በመተግበሪያ የሚሰማ ሰው ሁለት ማስተካከያ ይመልከት። አንዱ ዘፈን ሳያልቅ ሌላውን የሚያስገባው ክሮስፌድ መዘጋት አለበት፤ ለስኮር አልበም መርዝ ነው፣ የ«ቦዲጋርድ»ን መግቢያም ይበላል። የድምፅን መጠን እኩል የሚያደርገው ማስተካከያ ደግሞ፣ ምርጫው ካለ፣ በአልበም ይሁን እንጂ በዘፈን አይሁን። በዘፈን ከሆነ ዝግ ብሎ የተሠራው ክፍል ከጩኸቱ እኩል ይወጣና ስኮሩ ከፍታና ዝቅታ ያጣል።

«ጋርዲያንስ ኦቭ ዘ ጋላክሲ» እና «ኦ ብራዘር ዌር አርት ዛው» ብዙ ማብራሪያ አያሻቸውም። የመጀመሪያው የ2014 አልበም 12 የድሮ ዘፈኖችን እንዳሉ፣ ሳይነኩ ይዟል። ሁለተኛው ላይ ሙዚቃው ከፊልሙ ቀረጻ በፊት ነው የተቀዳው፤ ጆርጅ ክሉኒ አፉን ሲያንቀሳቅስ የሚሰማው ድምፅ የዳን ቲሚንስኪ ነው፣ አልበሙም የእሱን ቅጂ ይዟል። ሁለቱም የሚያዘናጋ ነገር የለባቸውም።

አልበሙን አግኝታችሁ ዘፈኑ ትክክለኛው ቅጂ ሆኖ ሳለ «ድምፁ ወፍሯል፣ ዘግይቷል» ካሰኛችሁ ፊልሙን በምን እንዳያችሁት ጠይቁ። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ይቀረጻል፤ ፓል በተባለው የቴሌቪዥን ምስል ሥርዓት የወጡ የድሮ ቪዲዮ ካሴቶችና ዲቪዲዎች ግን በሰከንድ 25 ያጫውቱታል። ፍጥነቱ በ4 ከመቶ ይጨምራል፣ ድምፁም ካልተስተካከለ በ0.7 ሴሚቶን ገደማ ይቀጥናል። ስለዚህ ትክክለኛው አልበሙ ነው። ዘፈኑን ከዲቪዲ ላይ በጊታር ያጠና ሰው ጊታሩን ወደ መደበኛው ቃኝቶ ከአልበሙ ጋር እንደገና ይሞክር፤ በዲቪዲው ላይ ከሁለት ኖታ መካከል የወደቀው ኮርድ አልበሙ ላይ በትክክለኛው ቦታ ይገኛል።